«ዊሉን ብቻ ቀይሩ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ባለንብረቶችና መካኒኮች ዘንድ እየተነበበ ያለ አንድ ጽሑፍ የናፍጣ መኪናን ቱርቦ ስለ ማሻሻል ምክር ይሰጣል። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከፋብሪካ የመጣውን ኮምፕረሰር ዊል አውጥቶ ቀለልና ሰፋ ባለ የቢሌት ዊል መተካት ቱርቦው ቶሎ እንዲነሣ ያደርጋል፤ ሌላ ምንም ሳይነካ የሞተሩን ጉልበት ይጨምራል፤ በደጋ የሚጎድለውን አየር ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ሥራው ቶርኖ ባለበት ጋራዥ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ አዲሱ ዊል ሚዛኑን ጠብቆ ከፋብሪካ ስለሚወጣ ዳግመኛ ማመጣጠን አያስፈልገውም፤ በዚያ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል። ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ትክክል የሆነ ሐሳብም አለው። ነገር ግን መኪናው የቤተሰቡ መተዳደሪያ የሆነ፣ ጭነት ይዞ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት የሚወጣ ሰው ምክሩን እንዳለ ቢቀበል ሞተሩን እስከ ማጣት ሊደርስ ስለሚችል፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አንሥቼ መልስ መስጠት ግዴታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሞ በዕቃዎቹ ላይ እንግባባ። በቱርቦ ውስጥ በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ዊሎች ተተክለዋል። አንደኛው በጋለው የሞተር ጭስ የሚሽከረከረው ተርባይን ዊል ሲሆን፣ ሁለተኛው አየር ስቦና አምቆ ወደ ሞተሩ የሚልከው ኮምፕረሰር ዊል ነው። ኮምፕረሰር ዊል አየር የሚገባበት ጠባብ ዲያሜትርና አየር የሚወጣበት ሰፊ ዲያሜትር አለው። የጠባቡ ካሬ ለሰፊው ካሬ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ትሪም ይባላል፤ ለምሳሌ መውጫው 50 ሚሊሜትር፣ መግቢያው 36 ሚሊሜትር ከሆነ ትሪሙ 52 ገደማ ነው፤ መግቢያው 38 ሲሆን 58 ገደማ ይደርሳል። ቢሌት የሚባለው ዊል ደግሞ በሻጋታ ከፈሰሰው የተለመደው ዊል በተለየ ከድፍን የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም በማሽን ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው።

ጸሐፊው በመጀመሪያ ያነሡት የክብደትን ነገር ነው። ዊሉ ሲቀል ለማስነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት እንደሚቀንስ ማንም አይክድም፤ መጠየቅ ያለበት በስንት እንደሚቀንስ ነው። ኮምፕረሰር ዊል የሚሠራበት የአሉሚኒየም ቅይጥ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ተርባይን ዊል የሚሠራበት የኒኬል ቅይጥ ግን ወደ 8 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ዊሎቹ በመጠን ሲቀራረቡ ለመሽከርከር እንቢ የሚለው ሸክም፣ ማለትም ኢነርሺያው፣ በአብዛኛው ያለው በተርባይኑ በኩል ነው። ለስሌት ያህል 70 በመቶው የተርባይኑ፣ 30 በመቶው የኮምፕረሰሩ ነው ብንልና የኮምፕረሰሩን በ10 በመቶ ብንቀንሰው፣ ከጠቅላላው የጎደለው 3 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህን ማንም ሹፌር በእግሩ አያውቀውም። ከዚህም በላይ የቢሌት ዊል ክብደት በአብዛኛው የሚቀነሰው እምብርቱን በማቅጠን ነው፤ ኢነርሺያ ደግሞ ከመሐል ባለው ርቀት ካሬ የሚያድግ ስለሆነ ከእምብርት የተነሣ ግራም ከክንፍ ጫፍ እንደተነሣ ግራም አይቆጠርም።

በዚህ ላይ ጸሐፊው ዊሉ እንዲቀል ብቻ ሳይሆን እንዲሰፋም ይመክራሉ፤ ሁለቱ ምክሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ቅርጹ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ ከ50 ወደ 55 ሚሊሜትር ቢያድግ የዊሉ ኢነርሺያ በ61 በመቶ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ኢነርሺያ ከዲያሜትር አምስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ ነው። ትልቁ ዊል ያንኑ ግፊት በዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ ከጭማሪው ከፊሉ እንደሚካካስ አምናለሁ፤ ሆኖም በማቅለል የተገኘው ትንሽ ጥቅም በማስፋት ተውጦ መቅረቱን ይህ አያስቀርም። ቀላልነት ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ቢሆን ኖሮ አምራቾች በአንዳንድ የከባድ መኪና ቱርቦዎች ላይ ከአሉሚኒየም ይልቅ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4.4 ግራም ገደማ የሚመዝነውን ቲታኒየም ባልተጠቀሙ ነበር። እነርሱ የፈለጉት በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሳይደክም የሚቆይ ዊል ነው። የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ከፈሰሰው የሚበልጥበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ጽናቱ ነውና፣ ጸሐፊው ቢሌትን በዚህ ቢያመሰግኑት እኔም አብሬ አመሰግነው ነበር።

ቱርቦ ቶሎ መነሣቱን የሚወስነው ተርባይኑ ከጭሱ የሚያገኘው ኃይልና ኮምፕረሰሩ አየር ለማመቅ የሚፈልገው ኃይል ልዩነት ነው። የሞተሩ ዙር ዝቅ ባለበት ጊዜ ጭሱ አነስተኛ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየርም አነስተኛ ነው። ሰፊ ዊል በዚህ አነስተኛ ፍሰት ላይ ሲሠራ ከምርጥ የብቃት ቀጠናው ወጥቶ ወደ ሰርጅ መስመር ይጠጋል፤ ያችው ጥቂት ኃይል አየሩን ከማመቅ ይልቅ በማሞቅ ታልቃለች። ሰርጅ ሲጀምር ደግሞ አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ዊሉን ይገፋዋል፤ ከአየር ማጣሪያው በኩል «ፉር ፉር» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዘንጉን በርዝመቱ አቅጣጫ የሚገፋውን ኃይል የሚሸከመው ጠፍጣፋ ኩሽኔታም በዚያው ልክ ይደበደባል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ዙሩ ወርዶ ነዳጅ እየተረገጠ የሚወጣ መኪና ቱርቦውን በትክክል ወደዚህ ቦታ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛው ነጥብ ጉልበትን ይመለከታል። «ብዙ አየር ማለት ብዙ ጉልበት ማለት ነው» የሚለው አባባል በናፍጣ ሞተር ግማሽ እውነት ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከናፍጣው ነው፤ አየሩ ናፍጣው በንጽሕና እንዲቃጠል ይፈቅዳል። አንድ ኪሎ ናፍጣ በስሌት 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይበቃዋል፤ በተግባር ግን ጥቁር ጭስ እንዳይወጣ 18፣ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። የናፍጣው ልክ በአሮጌው ፖምፓ ላይ በሜካኒካል ገደብ፣ በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ በኮምፒውተር ተወስኗል። ዊል ስለተቀየረ ብቻ ፖምፓው ተጨማሪ ናፍጣ አይለቅም።

በዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሡት ዌስትጌት አለ። ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ዌስትጌቱ ተከፍቶ ትርፉን ጭስ ተርባይኑን አሳልፎ ይለቀዋል፤ ስለዚህ የተሻለ ዊል ቢገጠምም የሚደርሰው ግፊት ያው ነው። ጥቅሙ የሚገኘው አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ በመውጣቱ ብቻ ነው። በደሴ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ አየር፣ ግፊቱን 2.33 እጥፍ የሚያደርግ ኮምፕረሰር ብቃቱ 68 በመቶ ሲሆን አየሩን በ138 ዲግሪ ገደማ ያወጣዋል፤ ብቃቱ ወደ 74 በመቶ ቢሻሻል በ128 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። የአሥር ዲግሪው ልዩነት የአየሩን ጥግግት በ2.4 በመቶ ያህል ያሳድገዋል፤ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ካለ ልዩነቱ ከዚያም ያንሳል። ስድስት ነጥብ የብቃት መሻሻል በኮምፕረሰር ዓለም ትልቅ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ጸሐፊው ቃል የገቡትን ጉልበት አያህልም።

ሦስተኛውና ለእኛ አገር ከሁሉ የሚያሳስበው የከፍታ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ የቱርቦ ታሪክ ራሱ ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነውና። የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ቡኪ የፈጠራ መብቱን በ1905 እ.ኤ.አ. ካስመዘገቡ በኋላ፣ ሳንፎርድ ሞስ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 እ.ኤ.አ. ሊበርቲ የተሰኘውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥተው፣ ቀጭን አየር የሚወስደውን ጉልበት ቱርቦ መመለስ እንደሚችል አሳይተዋል። ጸሐፊው ይህን እውነት ይዘው ተነሥተው «ሰፊ ዊል ደሴን ጅቡቲ ያደርገዋል» ወደሚል ድምዳሜ መሄዳቸው ነው የማያስማማን።

ቁጥሮቹን እንመልከት። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 1.01 ባር ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 0.81፣ ደሴ ላይ 0.75፣ ከወልድያ በሳንቃና በድልብ አድርገን ጋሸና ስንደርስ ደግሞ 0.70 ባር ገደማ ይሆናል። ዌስትጌቱ ከውጭው አየር በላይ አንድ ባር እንዲጨመር ተደርጎ ተስተካክሏል እንበል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ኮምፕረሰሩ አየሩን በ2 እጥፍ ያምቃል፤ ደሴ ላይ ያንኑ አንድ ባር ለመጨመር 2.33 እጥፍ፣ ጋሸና ላይ 2.43 እጥፍ ማመቅ አለበት። ማለትም ማንም ምንም ሳይነካው፣ ቱርቦው አቀበቱን በወጣ ቁጥር ዙሩ ራሱ ይጨምራል። ሞተሩ የሚያጣው አየርም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሚያጣው ግማሽ ያህሉን ነው፤ ደሴ ላይ ቱርቦ የሌለው 26 በመቶ ሲያጣ ባለ ቱርቦው 13 በመቶ ገደማ ያጣል። አሁን ጸሐፊው እንደሚሉት የባሕር ጠለሉን 2 ባር ሙሉ በሙሉ እንመልስ ብንል፣ ደሴ ላይ 2.68 እጥፍ፣ ጋሸና ላይ 2.87 እጥፍ ማመቅ ይጠበቅብናል።

ይህን ያህል ማመቅ ምን እንደሚያስከፍል የዊሉ ጫፍ ፍጥነት ይነግረናል። 50 ሚሊሜትር ዊል በደቂቃ 180,000 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 471 ሜትር ይጓዛል፤ ይህ ከድምፅ ፍጥነት የበለጠ ነው። ዊሉን ሊበጣጥሰው የሚታገለው ውጥረት በዚህ ፍጥነት ካሬ ያድጋል። ዲያሜትሩ 55 ሆኖ ዙሩ ካልቀነሰ ውጥረቱ በ21 በመቶ ይጨምራል። አዎን፣ ሰፊው ዊል ያንኑ ግፊት በዝቅተኛ ዙር ይሰጣል፤ ጸሐፊው ግን ያንኑ ግፊት አልጠየቁም፤ ከፍ ያለ ግፊት ነው የጠየቁት። በዚያ ላይ ተርባይኑ ያው የቀድሞው ነው። በደጋ ከጭስ ማውጫው ውጭ ያለው አየር ስለሚቀጥን ጭሱ ተርባይኑን ከቆላው አብልጦ ይገፋዋል፤ አምራቾች አንዳንድ ሞተሮችን ከተወሰነ ከፍታ በላይ ጉልበት እንዲቀንሱ የሚያደርጉት ቱርቦው ከዙር ገደቡ እንዳያልፍ ነው። ይህን ጥበቃ አስወግዶ ሰፊ ዊል መግጠም ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊውን እደግፋለሁ። ከፍታ ሲጨምር በኮምፕረሰር ካርታ ላይ፣ ማለትም የአየሩን ፍሰት በአግድም፣ የማመቁን እጥፍ በቁም በሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ የሥራ ነጥቡ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀኝም ይሄዳል፤ ለአንድ ዓይነት የአየር ክብደት የሚሳበው መጠን ስለሚበዛ ትንሽ ዊል መታነቅ ይጀምራል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በወገልጤናና በጋሸና አካባቢ ብቻ የሚሠራ መኪና ትሪሙ ከፍ ባለ ዊል ሊጠቀም ይችላል። ከጅቡቲ ተጭኖ ሚሌን አቋርጦ፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ የሚራገፍ ወይም ደሴ የሚወጣ መኪና ግን በአንድ ጉዞ ከባሕር ጠለል እስከ 2,500 ሜትር የሚደርስ ነው፤ ለእርሱ የሚስማማው በሁለቱም ጫፍ ከሰርጅም ከመታነቅም የሚርቅ ዊል ነው። እንዲህ ያለውን ዊል በዓይን ግምት መምረጥ አይቻልም፤ ካርታው ላይ ሁለቱን ነጥቦች አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

አራተኛው ነጥብ፣ ሥራው «ቶርኖ ባለበት ጋራዥ በግማሽ ቀን ያልቃል» የሚለው፣ በግልጽ አደገኛ ነው። የቶርኖ ባለሙያዎቻችንን ችሎታ ለማሳነስ አይደለም፤ ከፒስቶን እስከ ካምቢዮ ብዙ መኪና በእነርሱ እጅ ቆሟል። ነገር ግን የኮምፕረሰሩ ሽፋን ውስጠኛ ግድግዳ የዊሉን ክንፍ ተከትሎ የሚታጠፍ ነው፤ መግቢያውን ቀጥ አድርጎ ማስፋት ብቻ ታጥፎ የሚሄደውን ክፍል ሳይነካው ይቀራል። ክንፉና ግድግዳው መካከል መኖር ያለበት ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ነው። ሲሰፋ አየሩ በክንፉ አናት ላይ ተመልሶ ይፈስሳል፤ ለዊሉ የተከፈለው ብቃት እዚያው ይባክናል። ሲጠብ ደግሞ ክንፉ ግድግዳውን ይልሳል።

የሚዛኑ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ዊሉ ለብቻው ተመጣጥኖ መምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዘንጉ፣ ዊሉ፣ በመካከላቸው ያለው ቀለበትና ዳዶው እያንዳንዳቸው ለዓይን የማይታይ ስሕተት አላቸው፤ ሲገጣጠሙ ስሕተቶቹ ይደመራሉ። ግማሽ ግራም ክብደት ከመሐል አንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ በደቂቃ 150,000 ዙር ላይ የሚፈጥረው ኃይል 123 ኒውተን ገደማ ነው፤ 12 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ዕቃ ዘንጉ ላይ እንደ ማንጠልጠል ማለት ሲሆን፣ አቅጣጫው በየሰከንዱ 2,500 ጊዜ ይዞራል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዘንጉንና ብሮንዚናውን የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዳዶውን ለማጥበቅ ረጅም ቁልፍ በአንድ ጎን ይዞ መጎተትም ቀጭኑን ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል፤ ለዚህ ነው ባለ ሁለት እጀታ ቁልፍ ተይዞ ቀጥ ብሎ የሚጠበቀው። ብዙዎቹ ዳዶዎች ጥርሳቸው ግራ መሆኑንም ያላወቀ ሰው ሲፈታ ያጠብቀዋል።

በእጅ ዊሉ ተቀይሮለት ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛ ላይ የተፈታ ቱርቦ ስንመለከት ምልክቱን ማንበብ አያዳግትም። ብሮንዚና ብቻ ያለቀበት ቱርቦ የሁሉም ክንፎች ጫፍ ተፍቆ፣ የሽፋኑ ግድግዳ ግን በአንድ ወገን ብቻ ተጭሮ ይገኛል፤ ዘንጉ ወደዚያ ወገን ዘምሟልና። ሚዛኑ የተዛባ ወይም ዘንጉ የጎበጠ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ አንድ ወይም ሁለት ክንፎች ብቻ እንደ መስተዋት አብርተው፣ የሽፋኑ ግድግዳ ግን ዙሪያውን ተጭሮ ይታያል። ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚወረወረው ያው አንዱ የዊሉ ጎን ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ቱርቦ የፈታ መካኒክ ጥፋቱን ዘይቱ ላይ ከመጫኑ በፊት እነዚያን ክንፎች ይቁጠራቸው።

ስለዚህ ተገጣጥሞ እንዳለ በከፍተኛ ዙር የሚያመጣጥን ማሽን በሌለበት ዊል ብቻ መለወጥ አይገባም። ዘንጉ፣ ሁለቱ ዊሎችና ኩሽኔታዎቹ አብረው ተመጣጥነው የታሸጉበትን ሙሉ ካርትሪጅ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ከዊሉ ይበልጣል፣ ከሞተር ግን እጅግ ያንሳል።

ነዳጅ ስለ መቆጠብ ብዙ አልልም። ሞተሩ አየር አጥሮት ጥቁር ጭስ ሲያወጣ የነበረ ከሆነና የተሻለው ዊል አየሩን ከሞላለት ጥቂት ቁጠባ ይኖራል። ጉልበት እንዲጨምር ፖምፓው ከተከፈተ ግን ሹፌሩ አዲሱን ጉልበት ይረግጠዋል፤ ቁጠባም አይኖርም።

ለመሆኑ መኪናው ሐረጎ ላይ የሚለከልክበት ባለንብረት ከየት ይጀምር? እኔ የምመክረው የጠፋውን ከመፈለግ እንዲጀምር ነው። ከሚሌ ሜዳና ከደላንታ ጠጠር መንገድ የሚነሣው ድቡሽት የአየር ማጣሪያው በደንብ ካልዘጋ ገብቶ የዊሉን መግቢያ ክንፎች ጠርዝ ይበላዋል፤ ስለታማ የነበረው ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቆረቁራል። ማጣሪያውን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኃይለኛ ንፋስ ማስነፋት ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ብዙ ዊል የሚበላው በዚህ ነው። ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው ማኒኮቶና ኢንተርኩለሩ ግፊት ተሞልቶበት በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ አንድ የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ከማንኛውም ዊል የበለጠ አየር ያባክናል። ዌስትጌቱ በትክክለኛው ግፊት መክፈቱ፣ ተለዋዋጭ ክንፍ ባላቸው ቱርቦዎች ደግሞ ክንፎቹ በጥላሸት አለመጣበቃቸው ይታይ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ማሻሻል ካስፈለገ የግፊትና የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገጠም፤ ረጅም አቀበት ላይ ከተርባይኑ በፊት ያለው ሙቀት 700 ዲግሪን አልፎ የሚቆይ ከሆነ ሞተሩ ተጨማሪ ናፍጣ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ከዚያ በኋላ ነው ካርትሪጁ፣ ተርባይኑ፣ ዌስትጌቱና ናፍጣው አንድ ላይ የሚታሰቡት።

ጸሐፊው ምክራቸውን የሚያጸኑበት ማስረጃ ካላቸው እነዚህን ቢያወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ የትኛው ሞተር፣ የትኛው ቱርቦ፣ የድሮውና የአዲሱ ዊል ሁለቱም ዲያሜትሮች ስንት ስንት እንደሆኑ፣ ግፊቱ በስንተኛው ዙር እንደሚነሣ ከለውጡ በፊትና በኋላ በዚያው መኪና፣ በዚያው ጭነት ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ የተለካ፣ የጭሱ ሙቀት፣ እንዲሁም ካርትሪጁ ተገጣጥሞ የተመጣጠነበት ወረቀት። እነዚህ ቁጥሮች ከወጡ ስሌቱን በዚያው ላይ ደግሜ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።